በየካቲት የታየ መሬት

አቃቂ ቃሊቲ ዳር፣ መንገዱ ገና ያልተጠረገለት የቤት ሠሪዎች ማኅበር ቦታ ነው። ባለቦታዋ መምህርት ናት፤ ዕጣ ከወጣላት ብዙም አልቆየም። ጋሼ የእናቷ ወንድም ናቸው፤ የሥራ ዘመናቸውን በመንገድ ሥራ የአፈር ላቦራቶሪ ውስጥ ጨርሰው ጡረታ ወጥተዋል። ዘበኛው ማኅበሩ የቀጠራቸው አዛውንት ናቸው፤ ቦታው ለቤት ከመሸንሸኑ በፊት እዚሁ ላይ ያርሱ ነበር።

ባለቦታዋ፦ ይኸው ጋሼ፣ ከዚህ ችካል እስከዚያኛው የኔ ነው። ሜዳ፣ ደረቅ፣ ድንጋይ እንኳ የለበት። ፎርማኑ አይቶት «እንዲህ ያለ ቦታ ማን ያገኛል! 80 ሳንቲም ቆፍረን በሁለት ሳምንት መሠረቱን እናወጣለን» አለኝ።

ጋሼ፦ ድንጋይ የለበትም የምትይኝ እንደ ጥሩ ነገር ነው?

ባለቦታዋ፦ ለቆፋሪዎቹ ይቀላል ብዬ ነዋ።

ጋሼ፦ እስቲ ያቺን ቀጭን እንጨት አቀብዪኝ። እዚህ ስንጥቅ ውስጥ ልስደዳት። አየሽ? እጄ እስከ ክርኔ ገባ፣ እንጨቷ ገና ታች አልነካችም።

ባለቦታዋ፦ በጋ አይደል እንዴ ጋሼ? መሬት ሲደርቅ ይሰነጠቃል።

ጋሼ፦ ሁሉም መሬት እንዲህ አይሰነጠቅም። እናትሽ ቤት፣ ጉለሌ፣ ቀዩ አፈር በበጋ ይደርቃል፣ አቧራ ይሆናል፤ ክንድ የሚውጥ ስንጥቅ ግን አይተሽበት ታውቂያለሽ? ይሄ ዋልካ ነው፣ ጥቁሩ አፈር። አዲስ አበባ በአፈሯ ሁለት ከተማ ናት ብልሽ ማጋነን አይሆንብኝም። በእንጦጦ ግርጌ ቀዩ ይበዛል፤ ወደ ቦሌ፣ ወደ ለቡ፣ ወደ አቃቂ ስትወርጂ ጥቁሩ እየወፈረ ይሄዳል። በአገር ደረጃ 12.6 ሚሊዮን ሄክታር ያህል እንደሚሸፍን ነው የሚነገረው፤ ከግማሽ በላዩም ደጋው ላይ ነው። ለጤፍና ለሽምብራ የታወቀ አፈር ነው። ለመሠረት ግን የተለየ ጠባይ አለው።

ባለቦታዋ፦ ምን ዓይነት ጠባይ?

ጋሼ፦ ያብጣል፣ ይኮማተራል። የሸክላው ቅንጣት እንደ መጽሐፍ ገጽ ተደራርቦ የተቀመጠ ነው። ክረምት ሲገባ ውሃው በገጾቹ መሃል ሰርጎ ያራርቃቸዋል፣ አፈሩ ወደ ላይም ወደ ጎንም ይገፋል። በጋ ሲሆን ውሃው ይወጣና ይሰበሰባል፤ ይኸው ስንጥቅ የሚሆነው ያኔ ነው። እኛ ላቦራቶሪ ውስጥ ሞንትሞሪሎናይት የምንለው ማዕድን ነው ይህን የሚያደርገው። የሰው ዓይን ግን በጋ ላይ የሚያየው ጠጣር መሬት ብቻ ነው። ቦታ የሚታየው ደግሞ በበጋ ነው፤ ክረምትማ መኪና አይገባም።

ባለቦታዋ፦ የኔ ቤት እኮ ምድር ቤት ብቻ ነው። ለፎቅ እንጂ ለትንሽ ቤት የአፈር ምርመራ አያስፈልግም አሉኝ።

ጋሼ፦ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ከባድ ሕንፃ በክብደቱ አፈሩን ይጫነዋል፣ እብጠቱን ይታገለዋል። ያንቺ ቤት፣ የሰርቪስ ቤቱ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ አጥሩ ቀላል ስለሆነ አፈሩ በቀላሉ ያነሳዋል። ወደዚህ ስንመጣ ያየነውን ግንብ አጥር ልብ ብለሽዋል? በየጥቂት ሜትሩ ተሰንጥቆ አንዱ ወደ መንገድ አንዱ ወደ ግቢ ያዘነበለውን?

ባለቦታዋ፦ ሲሚንቶ ሰርቀውበት ነው የመሰለኝ።

ጋሼ፦ ሊሆን ይችላል፤ ሲሚንቶው ሙሉ ቢሆን ኖሮም ግን ይሰነጠቅ ነበር። የዚህ አፈር ስንጥቅ መልክ አለው። ከመስኮቱ ወይም ከበሩ ማዕዘን ይነሳና ሰያፍ ወደ ላይ ይወጣል። በሚያዝያ ይከፈታል፣ በነሐሴ መልሶ ይገጥማል። ባለቤቱ በየዓመቱ ስቱኮ እያስለጠፈ ቀለም ያስቀባል፣ ቀለም ቀቢውም በየዓመቱ እንጀራ ይበላል። ምክንያቱ ምን መሰለሽ፣ ቤቱ ሲሠራ መሃሉ ይሸፈናል፤ ፀሐይም ዝናብም አያገኘውም፣ እርጥበቱ እንዳለ ይቀመጣል። ዳር ዳሩ ግን ይረጥባል፣ ይደርቃል። አንድ ቤት ሥር ሁለት ዓይነት መሬት ተፈጠረ ማለት ነው። ሁሉም እኩል ቢነሳ እኩል ቢወርድ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር።

ባለቦታዋ፦ ታዲያ ምን ላድርግ? ልሽጠው?

ጋሼ፦ ኧረ ምን በወጣሽ! ከተማው ግማሹ በዚህ አፈር ላይ ነው የቆመው። መጀመሪያ ጥልቀቱን እንወቅ። ጥቁሩ አፈር 1 ሜትር ከሆነና ከሥሩ ጠንካራ ነገር ካለ፣ እሱን ጠርጎ እዚያ ላይ መቆም ነው፤ ሒሳቡ ቀላል ነው። 4 ሜትር ከሆነ ግን ሁሉን አውጥቶ መጣል አይቻልም፤ ያኔ መሐንዲስ ተቀምጦ ያስባል። የመሠረቱን እግር፣ ፉቲንጉን፣ እርጥበቱ ከወቅት ወቅት ብዙ ከማይለዋወጥበት ጥልቀት ያወርደዋል፣ ግድግዳውን የሚሸከመውን ግሬድ ቢምም ከአፈሩ ጋር እንዳይነካካ ከሥሩ ክፍተት ይተውለታል። አፈሩ ቢያብጥ የሚነሳበት ቦታ ያገኛል፣ ቤትሽን አይነካም። ይህን ያልሠራ ፎርማን «80 ሳንቲም» ይልሻል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ባለቦታዋ፦ እሱ እኮ «ጥቁሩን አውጥተን ገረጋንቲ እንሞላለን» ብሏል። አላወቀም አይበሉት።

ጋሼ፦ ገረጋንቲ ጥሩ ነው፣ ውሃ እያጠጡ በየ20 ሳንቲሙ ከጠቀጠቁት። በአንዴ 1 ሜትር ገልብጦ ከላይ ብቻ የሚጠቀጥቅ ሰው ካየሽ ግን አስቁሚው፤ ታችኛው ልል ሆኖ ይቀራል። ሌላም አለ። ውሃ በማያሳልፍ ጥቁር አፈር መሃል ጉድጓድ ቆፍረሽ፣ ውሃ በሚያሳልፍ ጠጠር ከሞላሽው፣ የክረምቱ ውሃ ሁሉ ተሰብስቦ እዚያ ያቁራል። ከቤትሽ ሥር ሆኖ የታችኛውን ዋልካ ዓመቱን ሙሉ ያጠጣዋል። ሙሌት ሲሞላ ውሃው በየት እንደሚወጣ አብሮ ካልታሰበ፣ አለመሙላቱ ይሻል ነበር የምትይበት ጊዜ ይመጣል። በዘመኔ የአፈር ሪፖርት ከጎረቤት ቦታ ተገልብጦ የባለቤቱ ስም ብቻ ሲቀየርበት አይቻለሁ። ለኮርኒስ ጂፕሰም ብር የማይሰስት ሰው ለሁለት ጉድጓድ ቁፋሮ ይከራከራል፤ አይገባኝም።

ባለቦታዋ፦ እኔ አልተከራከርኩም! ማን ነግሮኝ?

ዘበኛው፦ እንደምን ዋላችሁ? ቦታ ልትገዙ ነው?

ባለቦታዋ፦ የኔ ነው አባባ፣ ዕጣ የደረሰኝ። አጎቴ አፈሩን እያዩልኝ ነው።

ጋሼ፦ ደኅና ዋሉ አባቴ። እርስዎ እዚህ ያርሱ ነበር አሉኝ።

ዘበኛው፦ አርሻለሁ፣ አባቴም አርሷል። ከዚያ ግራር ወዲህ ያለው ሁሉ የእኛ ነበር።

ጋሼ፦ ይሄኛው ማዕዘን ላይ ምን ይዘሩ ነበር?

ዘበኛው፦ የቱ፣ የበሩ በኩል? እዚያማ አይዘራም፤ ለከብት ሣር ነበር። ውሃው ከላይ እየወረደ እዚያ ይተኛል። በነሐሴ በሬ አግብተህ በሬህን ጎትተህ ማውጣት ነው። መስከረም አልፎ ነው የሚጠጣ። ከፍ ያለው ላይ ጤፍ እንዘራ ነበር፤ ዝናቡ ሊወጣ ሲል ደግሞ ሽምብራና ጓያ። እነሱ በቀረው እርጥበት ይደርሳሉ።

ጋሼ፦ ሰማሽ? ይህን የሚነግርሽ ላቦራቶሪ የለም። እስቲ ፕላኑን ዘርጊው። ሴፕቲክ ታንኩ የት ነው የተሳለው?

ባለቦታዋ፦ ... በሩ ጥግ። መምጠጫ መኪናው ከውጭ ሆኖ ቱቦውን እንዲዘረጋ ብሎ ነው ንድፉን የሠራው ልጅ።

ጋሼ፦ መኪናውን አስቧል፣ ጎበዝ ነው። ውሃውን ግን አላሰበም። እስቲ ሴፕቲክ ምን እንደሚሠራ ንገሪኝ።

ባለቦታዋ፦ ፍሳሹን ያጠራቅማል፣ ያጣራል...

ጋሼ፦ አያጣራም። ከባዱን ከታች ያስቀራል፣ ቅባቱን ከላይ ያንሳፍፋል፤ መሃል ላይ ያለው ውሃ ወደ ማስረጊያው ጉድጓድ ይሄዳል። ያ ውሃ ሲያዩት ጥርት ሊል ይችላል እንጂ ገና በሽታ የተሸከመ ነው። የማጥራቱን ሥራ የሚሠራው አፈሩ ነው። አፈሩ ካልተቀበለው ታንኩ ባጭር ጊዜ ይሞላል፤ በክረምት ደግሞ በማስረጊያው በኩል የመሬቱ ውሃ ይመለስበትና ሽንት ቤትሽ አልወርድ ይላል። ሰፈራችሁ ሁሉ በየወሩ መኪና ሲለማመጥ ታያለሽ፤ «ትናንት አስመጥጬ ዛሬ ሞላ» የሚል ሰው ታንኩን ያማል እንጂ አፈሩን አያማም።

ባለቦታዋ፦ አፈሩ መቀበል አለመቀበሉ ግን ሳይሠራ ይታወቃል?

ጋሼ፦ ይታወቃል። ማስረጊያው በሚሆንበት ጥልቀት 30 ሳንቲም ስፋት ያለው ጉድጓድ ትቆፍሪያለሽ፣ ግድግዳውን በቢላ ትፍቂዋለሽ፤ ዶማው አለስልሶ ደፍኖታልና። ውሃ ሞልተሽ ታሳድሪዋለሽ። በማግሥቱ እንደገና ውሃ ታደርጊበትና ውሃው 2.5 ሳንቲም እስኪወርድ ስንት ደቂቃ እንደፈጀ ትይዣለሽ። ብዙ አገር የሚሠራበት ልክ አንድ ሰዓት ነው፤ ከዚያ በላይ ከፈጀ ተራ ማስረጊያ አይሠራም ይባላል። 1 ደቂቃ ሳይሞላ ከወረደም ጥሩ አይደለም፤ ፍሳሹ ሳይጠራ ወደ ከርሰ ምድር ውሃ ይነጉዳል።

ባለቦታዋ፦ እንዲያውም ዛሬ ለመሠረት ችካል በተቆፈረው ውስጥ አንድ ጀሪካን ውሃ ደፍተውበት ወዲያው ነው የጠፋው። ፎርማኑ «መሬቱ ውሃ ይጠጣል» አለ።

ጋሼ፦ ውሃው በስንጥቁ ገባ! ዋልካን በየካቲት እንዲህ ብትሞክሪው ይዋሻል። አንድ ጀሪካን አይደለም አንድ ቦቴ ይውጥልሻል። ለዚህ ነው ውሃ ማሳደር ያስፈልጋል ያልኩሽ፤ በዚህ አፈር ደግሞ አንድ ሌሊትም ላይበቃው ይችላል፣ ስንጥቁ ሁሉ አብጦ እስኪዘጋ ደጋግሞ ማጠጣት ነው። ትክክለኛው ፈተና አባባ የነገሩሽ ነው፦ በነሐሴ ተኝቶ መስከረም አልፎ ነው የሚጠጣው።

ዘበኛው፦ እውነት ነው። ጉድጓድም ቆፍረን ነበር፣ ከላይ በኩል። በክረምት ውሃው ከአፉ በቁመቴ ልክ እስኪቀር ይመጣል፣ በበጋ ይሸሻል።

ባለቦታዋ፦ ጉድጓዱ አሁንም አለ?

ዘበኛው፦ አለ፤ ለከብት እንቀዳበታለን። ሰውም ሲጠፋ ይጠጣዋል።

ጋሼ፦ እንግዲህ ይህም ተጨመረ። ከመጠጥ ጉድጓድ 30 ሜትር መራቅ የተለመደ ልክ ነው፤ የማስረጊያውም ወለል ከክረምቱ የውሃ ልክ ቢያንስ አንድ ሜትር ተኩል ከፍ ይበል ይባላል። ውሃው በሰው ቁመት ልክ ከመጣ ያ ቦታ የለሽም። በዚያ ላይ አቃቂ ለአዲስ አበባ የመጠጥ ውሃ የሚሰጡት ጥልቅ ጉድጓዶች ያሉበት ነው። እዚህ የሚሠራ ነገር ሁሉ ለብቻሽ አይደለም።

ባለቦታዋ፦ ስለዚህ ሽንት ቤት አይኖረኝም ማለት ነው።

ጋሼ፦ ይኖርሻል። ማስረጊያ የሌለው፣ ውሃ የማያስገባና የማያስወጣ ዝግ ታንክ፣ ከፍ ባለው በኩል። ሰፋ ብሎ ይሠራ፤ ይሞላል፣ ታስመጥጫለሽ፤ ወጪው በየጊዜው ነው። መምጠጫው ቱቦ እንዲደርስ መንገድ ትተዪለታለሽ። አንድ ነገር ግን ያዥ፦ በክረምት መሃል ሙሉ በሙሉ ባዶ አታድርጊው። ዙሪያው ውሃ ሲሆን ባዶ ታንክ ይንሳፈፋል፤ ከነክዳኑ ብድግ ሲል ቱቦውን ሁሉ ይሰብረዋል። ከሁሉ የሚሻለው ግን ማኅበሩ አንድ ላይ የጋራ ማጣሪያ ቢሠራ ነው። ስብሰባ ላይ ስለ በሩ ቀለም ከምትጨቃጨቁ ይህን አንሺ።

ባለቦታዋ፦ የአትክልቱን ቦታ ደግሞ ማንሳቱንም ፈራሁ። ከሳሎኑ መስኮት ሥር ጽጌረዳ፣ ከጓሮ አቮካዶ፣ በአጥሩ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ነበር ያሰብኩት። ኖራም ገዝቼአለሁ፤ በቴሌቪዥን አፈር አሲዳማ ሆኗልና ኖራ ጨምሩ ሲሉ ሰምቼ።

ጋሼ፦ ኖራውን መልሺው። አሲዳማ የሆነው በብዛት ዝናብ የሚበዛበት የምዕራቡና የሰሜን ምዕራቡ ቀይ አፈር ነው፤ ለዚያ ኖራ መድኃኒቱ ነው። ጥቁሩ አፈር አብዛኛውን ጊዜ አሲዳማ አይደለም፤ ሳይለካ ኖራ ብትጨምሪበት ብርሽን ነው የዘራሽው። እኛ ደግሞ መንገድ ስንሠራ ይህንኑ ዋልካ እብጠቱን ለመቀነስ ኖራ እንቀላቅልበት ነበር። አንዱ ነገር ለአንዱ ሥራ ይሆናል፣ ለሌላው አይሆንም።

ባለቦታዋ፦ አቮካዶውስ?

ዘበኛው፦ አቮካዶ እዚህ? ውሃ የሚተኛበት ላይ ሥሩ ይበሰብሳል፤ ሦስተኛውን ክረምት አያይም።

ጋሼ፦ ከፈለግሽው ከፍ ባለው በኩል አፈር ደልድለሽ ጉብታ ላይ ትተክዪዋለሽ። ጎመኑንም፣ ካሮቱንም መደብ አውጥተሽ ነው። ደብረ ዘይት ያሉ ተመራማሪዎች በ1970ዎቹ መጨረሻ ሁለት ማረሻ አጣምረው ሰፊ መደብ የሚያወጣ መሣሪያ ሠርተው ነበር፤ 80 ሳንቲም መደብ፣ 40 ሳንቲም ቦይ። ውሃው በቦዩ ይወርዳል፣ ዘሩ ከላይ ይቀመጣል። ገበሬው ቀድሞም በእጁ ይሠራው ነበር፤ በተለይ ሴቶችና ልጆች አፈሩን በእጃቸው እየዛቁ።

ዘበኛው፦ እናቴ በእጇ ስታወጣ አስታውሳለሁ። ወገብ ይቆርጣል።

ጋሼ፦ ላንቺ ጓሮ ዶማ ይበቃል። ግን ሰዓቱን ዕወቂ፦ ሲደርቅ ድንጋይ ነው፣ ሲረጥብ እግርሽ ላይ ይጣበቃል፤ መሃል ላይ ጥቂት ቀን ብቻ ይሠራበታል። ጽጌረዳሽን ደግሞ ከመስኮቱ ሥር አንሺ። ጧትና ማታ ቤትሽ ግድግዳ ሥር ውሃ ማፍሰስ ማለት አንዱን ጎን ነሐሴ፣ ሌላውን የካቲት ማድረግ ነው። የቤቱ ዙሪያ 1 ሜትር ተኩል ያህል ሲሚንቶ ይደፋ፣ ወደ ውጭ ያዘንብል። የጣሪያው ውሃ በአሸንዳ ተሰብስቦ ከግቢ ይውጣ። ባሕር ዛፉን እርሺው፤ ውሃውን ጠጥቶ አፈሩን ያኮማትረዋል። ዛፍ ቢያንስ የሚደርስበትን ቁመት ያህል ከቤት ይራቅ ይባላል፤ ያንቺ ግቢ ደግሞ ያን ያህል ስፋት የለውም።

ባለቦታዋ፦ ጋሼ፣ እኔ ኬሚስትሪ ነው የማስተምረው። ይህን እብጠት ራሴ መለካት አልችልም?

ጋሼ፦ ትችያለሽ፣ ለምን ቀድመሽ አልነገርሽኝም! አፈሩን አድርቂው፣ አድቅቀሽ በወንፊት ንፊው። 10 ግራም 10 ግራም መዝነሽ ሁለት ባለ 100 ሚሊ ሊትር ሲሊንደር ውስጥ ጨምሪ፤ አንዱን በውሃ፣ አንዱን በነጭ ጋዝ ሙዪው። ነጭ ጋዝ አፈሩን አያሳብጠውም። አረፋውን በጥንቃቄ አስወጥተሽ አሳድሪውና የሁለቱን አፈር ከፍታ አንብቢ። በውሃ ያለው ከነጭ ጋዙ በእጥፍ ከሆነ እብጠቱ 100 በመቶ ነው፣ ለቀላል ቤት አስጊ ነው። ከ50 በታች ከሆነ ብዙም አያሰጋሽም። የ9ኛ ክፍል ልጆች ይሠሩታል። ይህ ግን የላቦራቶሪውን ሥራ አይተካም፤ መሐንዲሱ ጋ ስትሄጂ ምን እንደምትጠይቂ ታውቂያለሽ።

ባለቦታዋ፦ ከላይ ያለውን አፈር ብወስድ ይበቃል?

ጋሼ፦ አይበቃም፣ በየግማሽ ሜትሩ ነው። ለዚህ ነው ጉድጓድ የምፈልገው። አንዱ ከፍ ካለው፣ አንዱ ቤቱ ከሚያርፍበት መሃል፣ አንዱ ከዚያ ሣር ከነበረው። 3 ሜትር ድረስ። ቀለሙ የሚለወጥበትን፣ እርጥበቱ የሚጀምርበትን፣ ድንጋይ ካለ ድንጋዩን እየለካሽ ትጽፊያለሽ፣ በስልክሽም ፎቶ ታነሺዋለሽ።

ዘበኛው፦ ልጄ ይቆፍራል፣ ከጓደኛው ጋር። ሁለት ቀን ቢፈጅባቸው ነው።

ባለቦታዋ፦ ስንት ይፈልጋሉ አባባ?

ዘበኛው፦ እሱን ከልጁ ጋር ተነጋገሪ። እኔ የማውቀው፣ ከደረት ካለፈ ድጋፍ ያስፈልገዋል፤ ይህ አፈር ይናዳል።

ጋሼ፦ ትክክል ነው። ያለ ድጋፍ ከአንድ ሜትር ከሩብ በታች ማንም እንዳይገባ። አፉን በደረጃ ያስፉት፣ አጣናም ያዘጋጁ። አጣናው በኔ ነው።

ባለቦታዋ፦ ፎርማኑ ሰኞ ብረት አስጭኖ ይመጣል እኮ፤ ምን ልበለው?

ጋሼ፦ ብረቱን አታስገቢው፤ ቅድመ ክፍያ ተቀብሏል?

ባለቦታዋ፦ ግማሹን።

ጋሼ፦ እንግዲያው ጉድጓዶቹን ቆሞ ያስቆፍር። ለ80 ሳንቲም የተቀበለውን እዚያው ላይ ያወራርድ።